ወደ ሰሊጥ አገር ለተመደባችሁ ጀማሪ መምህራን

ልጆቼ፣ መተማ፣ ቋራ ወይ ምዕራብ አርማጭሆ የተመደባችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡልኝ። እኔ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን እዛው ቆላ ሳስተምር ነው።

መስከረም ላይ ሮስተር ይዛችሁ ስትገቡ ብዙ ዴስክ ባዶ ታገኛላችሁ፣ ልጆቹ ሰንፈው እንዳይመስላችሁ። ሰሊጥ የሚታጨደው ከመስከረም እስከ ጥቅምት ነው፣ እንደ ማሽላ ደግሞ አይታገስም፣ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ካለፈው ከረጢቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፣ ስለዚህ ከበለሳ ከስማዳ ከጎጃም የመጣው ሳሉግ (የእርሻ ቀን ሰራተኛው) ሁሉ ቤተሰብ ያለውም ልጆቹን ይዞ ካምፕ ይገባል፣ ከዛ የማሽላው አጨዳ ይቀጥላል፣ ታህሳስ ይደርሳል። ትምህርት የሚጀመረው አጨዳው ሲጀመር ነው እኮ፣ ልጁ ምን ያድርግ?

እናት ስታጭድ ትልቋ ልጅ ነዶው ጥላ ስር ህፃን ታቅፋ ትውላለች። ሶስተኛ ክፍል የነበረች ልጅ ህዳር ላይ ስትመጣ ደብተሯን ግለጡት፣ የመጨረሻው ቀን ሰኔ ነው። እሷን "መልቀቂያ አምጪ" ብላችሁ ከበር አትመልሷት በናታችሁ! መልቀቂያው ደጋ ነው ያለው፣ ለማምጣት የአባቷ የስንት ቀን ደሞዝ ትራንስፖርት ይበላዋል። አስገቧትና አስነብቧት፣ ማካፈል ትችል እንደሆነ እዩ፣ ክፍሏን በዛ ወስኑ፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል። ስትሄድ ደግሞ የትኛው ምዕራፍ ላይ እንደደረሰች በአንድ ገፅ ፅፋችሁ፣ ማህተም አስመትታችሁ፣ ስልካችሁን አክላችሁ ስጧት። እኔ ከዚህ የበለጠ የጠቀመ ነገር አላየሁም፣ ምክንያቱም ልጆቹን ከትምህርት የሚያስወጣቸው ድህነቱ ብቻ አይደለም፣ በየዓመቱ ያንኑ ክፍል እንደ አዲስ መጀመሩ ነው፣ አስራ አራት ዓመት ሞልቶት ሁለተኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ አፍሮ ማጭዱን ይዞ ይሄዳል።

ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ግንባሩን ንኩት፣ የደጋ ልጅ ወባ አይችልም። ትኩሳቱ ሳምንታት ቆይቶ ሆዱ ካበጠ ካላዛር የሚባለው ገዳይ በሽታ ሊሆን ይችላልና ዛሬ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ላኩት።

የእርሻውን ባለሀብት የምታናግሩት ደግሞ ሰኔ ላይ ዘር ሳይዘራ ይሁን፣ ልጅ ያላቸውን ሰራተኞች ለትምህርት ቤቱ ቅርብ የሆነው ካምፕ እንዲያሳድራቸው ጠይቁት፣ ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ሊረግፍበት ሲል ማንንም አይሰማም።