ጥቂት ዘይትና ወይን

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሕክምና ስሠራ፣ ከሙያ መጻሕፍቴ እኩል ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ ቀጭን ልብ ወለድ አለ፤ ፈረንሳዊው ቮልቴር እ.ኤ.አ. በ1759 ስሙን ደብቆ፣ ከጀርመንኛ የተተረጎመ አስመስሎ ያሳተመው «ካንዲድ»። የሚያላግጠው ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ በ1710 ባሳተመው ሐሳብ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ሊፈጥራቸው ከሚችላቸው ዓለማት ሁሉ የተሻለውን ፈጥሯል በሚለው። ላይብኒዝን ላለመበደል ያህል፣ እሱ ክፋት የለም አላለም፤ አፍንጫ የተፈጠረው መነጽር ሊሸከም ነው እያለ የሚያስተምረው የልብ ወለዱ ባለታሪክ የወጣቱ ካንዲድ መምህር፣ ፓንግሎስ ነው።

ብዙ አንባቢ የሚይዘው መደምደሚያዋን፣ «የአትክልት ቦታችንን መኮትኮት አለብን» የምትለዋን ቃል ነው። እኔ ግን አስቀድማችሁ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ።

በ1755 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት፣ ሕዝቡ አብያተ ክርስቲያናቱን በሞላበት ሰዓት፣ ያች ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች፤ ባሕሩ ወደቧን አጥለቀለቀ፣ የተረፈውንም እሳት ለቀናት በላው። ቮልቴር ካንዲድን እዚህ መካከል፣ በድንጋይ ቆስሎ ፍርስራሽ እንደ ለበሰ መንገድ ላይ ያጋድመውና «እየሞትኩ ነው፤ ጥቂት ወይንና ዘይት ፈልግልኝ» ያሰኘዋል። መምህሩ ግን፣ ባለፈው ዓመት በደቡብ አሜሪካ ያለችው ሊማም እንዲሁ እንደ ተንቀጠቀጠች፣ ከሊማ እስከ ሊዝበን ከምድር በታች የተዘረጋ የድኝ መስመር መኖር እንዳለበት ያብራራል። «ሊሆን ይችላል፤ ግን ስለ እግዚአብሔር፣ ጥቂት ዘይትና ወይን» ቢለው፣ «እንዴት ሊሆን ይችላል ትላለህ? የተረጋገጠ ነው እንጂ!» ብሎ ይሟገተዋል። ፓንግሎስ ውኃ የሚያመጣለት ካንዲድ ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ደጉ ሳምራዊ በቁስለኛው ላይ ያፈሰሰው ዘይትና ወይን መሆኑን የምታስታውሱ፣ ቀልዱ ምን ያህል እንደሚመር ይገባችኋል።

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ እግሩ የተሰበረ ገበሬ አመጡልኝ። ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቼ፣ አጥንቱ የት ላይ እንደ ተሰበረና ለምን ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ለወንድሙ በዝርዝር ሳስረዳ፣ በዕድሜ የገፋች ሲስተር ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ማስታገሻ ልውጋው?» አለችኝ። ሳላዝለት ቀርቻለሁ። ገበሬው ነጠላውን ነክሶ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር። ካስረዳሁት ውስጥ አንድም ስሕተት አልነበረበትም፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው። የድኙ መስመር እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳ ፓንግሎስ ከጥፋቱ አይነጻም ነበር።

በእኛ ዘንድ «ለበጎ ነው» የምትባል ቃል አለች። ልጇን የቀበረች እናት ራሷ ስትላት ምርኩዟ ናት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ስላት ግን ፓንግሎስን ሆንኩ። ቮልቴር ለዚህ ልዩነት ብዙ ቦታ አልሰጠም፤ እኔና እሱ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መደምደሚያው ተመለሱ። ፓንግሎስ፣ ከቤተ መንግሥት ባትባረር ኖሮ ዛሬ እዚህ በስኳር የተቀቀለ ትርንጎ ባልበላህ ነበር እያለ አሁንም ያብራራል። ካንዲድ አይሟገተውም። «ጥሩ ተናገርክ፤ ግን የአትክልት ቦታችንን መኮትኮት አለብን» ይለዋል። ያችው የሊዝበኗ «ግን» ናት፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመምህሩ የሚለምነው ዘይት የለም።