ቀንዲል ለማን ነው?

ጥያቄ፦ አባ፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። እናታችን ኩላሊቷን ታማ በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ትሄዳለች፤ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ካቶሊኮች ነንና ቄስ ተጠርቶ ቀንዲል፣ ሕመምተኛ በተባረከ ዘይት የሚቀባበት ምሥጢር፣ ይደረግላት ብል ታላቅ ወንድሜ «በቁሟ ልትቀብሪያት ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ደግሞም የአባታችን ወገኖች ሙስሊሞች ናቸው፤ አጎቶቻችን ከቤታችን አይጠፉም። ጸሎቱ ሲደረስ ውጡ ልንላቸው ነው?

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። የወንድምሽን ቃል በየቤቱ እሰማዋለሁ። ደሴ ላይ ዘይቱን ይዤ ስገባ ያየ ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም፤ ቀንዲል ለብዙ ዘመን ለሚያጣጥር ሰው ብቻ ሲሰጥ ኖሯል። የቤተ ክርስቲያናችን ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ፣ ሰው በሕመም ወይም በእርጅና ሕይወቱ ለአደጋ መጋለጥ ሲጀምር ጊዜው ደርሷል ብሏል። የተቀባ ሰው ድኖ እንደገና ቢታመም፣ ወይም ያው ሕመም ቢብስበት፣ ደግሞ ይቀባል።

እኔን የሚከነክነኝ ዘግይቶ መጠራት ነው። ራሱን የሳተም ይቀባል፤ ግን አይናዘዝም፣ አይቆርብም። እናትሽ ዛሬ ሁሉንም ይችላሉ። መጀመሪያ ከካህኑ ጋር ብቻቸውን ይናዘዛሉ፤ ያን ጊዜ ሁላችሁም ትወጣላችሁ፣ አንቺም ወንድምሽም። ከዚያ በሩ ይከፈታል። አጎቶቻችሁ ደስ ካላቸው ገብተው ይቀመጡ። ምሥጢሩን የሚቀበሉት እናትሽ ናቸው፤ አጠገባቸው መቀመጥን ግን ማን ከለከለ? ወሎ ውስጥ ለታመመ ዱዓ ሲያደርግ የኖረ ሰው በእኛ ጸሎት አይደነግጥም።

ከአልጋው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ከመድኃኒት ፌስታሉ አጽጂው፤ ነጭ ጨርቅ አልብሰሽ ሻማ አብሪበት። ዘይቱን ካህኑ ይዞ ይመጣል። ቅዱስ ቁርባኑን ለመዋጥ ከቸገራቸው ቀድመሽ ንገሪው፤ ትንሽ ቁራሽ ይበቃል። የኩላሊት ሕመምተኛ ውሃው በልክ ነውና ለማወራረጃ አንድ ጉንጭ አስቀሪላቸው። ለመቁረብ ብለውም መድኃኒታቸውን እንዳይዘሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዲያቆንም ሆነ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ መቀባት አይችልም፤ የካህን ሥራ ነው። የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት በ2015 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ተለይቶ ራሱን ቢችልም፣ ስፋቱን ታውቂዋለሽ፤ ቄስ በጠራችሁት ሰዓት ከች አይልም። ቀደም ብላችሁ ደውሉ።

ለመሆኑ እናትሽን ጠይቃችኋቸዋል? ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ የአንቺም የወንድምሽም ቃል አለ፣ የእሳቸው ግን የለም። ታማሚዋ እሳቸው፣ ቆራቢዋም እሳቸው። እሺ ካሉ ወንድምሽ ምን ይላል? ቀን ስትቆርጡ ብቻ ከእጥበት የሚመለሱበት ቀን አይሁን፤ ያን ቀን ሲደክማቸው ነው የሚውለው።