መልስ፦ በቶስካና ገጠር ከልጆች ጋር

ከልጆች ጋር አንድ ሳምንት በጣሊያን፣ በቶስካና ገጠር ስታሳልፉ ከሙዚየም ሌላ ምን እንደሚታይ ጠይቃችኋል። እኔ ብሆን ከሲዬና ከተማ በስተደቡብ ያለውን የኦርቻ ሸለቆ እመርጣለሁ። ፍሎረንስን ለሌላ ጊዜ ተዉት፤ በሰልፍ ልጆቹን ታሰለቻላችሁ።

ፒየንዛ ግማሽ ቀን ይበቃታል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 2ኛ የተወለዱባትን መንደር ከ1459 ጀምሮ እንደ አዲስ ያሳነጿት ትንሽ ከተማ ናት፤ የበግ አይቧን ሳትቀምሱ እንዳትወጡ። የምትጾሙ ከሆነ «ፒቺ አላልዮኔ» እዘዙ፦ በእጅ የተድቦለቦለ ወፍራም ፓስታ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ነው። ብዙ ጊዜ ሊጡ እንቁላል የለውም፣ ግን ጠይቁ።

በባኞ ቪኞኒ መንደር ደግሞ አደባባዩ ራሱ የፍል ውሃ ገንዳ ነው። እዚያ መዋኘት ክልክል ስለሆነ ልጆቹ ሳይከፋቸው ወደ ባኚ ሳን ፊሊፖ ውሰዷቸው፤ በጫካው መካከል፣ ነጭ የኖራ አለት ሥር የሚፈሰው ፍል ውሃ በነፃ ነው። የውሃው የድኝ ሽታ ከልብስ ቶሎ አይለቅም፤ አሮጌ የዋና ልብስና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ።

አውቶቡስ ጥቂት ስለሆነ መኪና ተከራዩ። ነገር ግን በአሮጌ ከተሞች መግቢያ ላይ «ዜታ ቲ ኤሌ» (ZTL፣ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት ክልል) የሚል ምልክት ካያችሁ አትግቡ። ካሜራ ይቀርጻችኋል፤ ቅጣቱም ወደ አገራችሁ ከተመለሳችሁ ከወራት በኋላ ሊደርሳችሁ ይችላል።