ጠርሙሱ ቦምብ ባይሆንም

ከመሐል ሜዳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ ልትመረቂ ነው፤ በአቪዬሽን ደኅንነት ሥራ ለመወዳደር አስበሻል። አጎትሽ ግን «ሽብርተኛ አውሮፕላን ያጠቃል የሚባለው እውነት ከሆነ ልጃችንን እሳት ውስጥ አንጨምርም፤ ወሬ ከሆነም ሥራው ነገ ይዘጋል» ብለው ሁለቱንም በር ዘግተውብሻል። ጠበቃ ቢሆኑ ኖሮ ይዋጣላቸው ነበር።

የተሳሳተው «እውነት ወይስ ወሬ» የሚለው ጥያቄያቸው ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሦስት ወጣቶች ጠለፉ። ቦምብ አለን አሉ፤ ያ «ቦምብ» የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ነበር። ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ አያደርስም ቢላቸው አላመኑትም። አውሮፕላኑ ነዳጁን ጨርሶ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። ጠላፊዎቹ ጥገኝነት ፈላጊዎች ነበሩ፤ ቦምቡ ወሬ ነበር፤ ሞቱ ግን እውነት ሆነ።

ስለዚህ ባለሙያው ስጋቱን በታትኖ ያየዋል። ፍላጎቱ ያለው ማን ነው? ዐቅሙስ አለው? በየት በኩል ይገባል? ከገባ ምን ያህል ያጠፋል? መንዝ ያደገ ልጅ ገብስ ከጭላዳ መጠበቅን ያውቃልና ይህ አዲስ አይሆንብሽም። የጭላዳ ፍላጎት አያጠያይቅም፤ ብልህ ጠባቂ የሚያየው ገደሉ በየት በኩል ለማሳው እንደሚቀርብ ነው። ጓሳው በተነቃነቀ ቁጥር ወንጭፍ የሚያጮኽ ልጅ ግን እኩለ ቀን ሳይደርስ ይዝላል፤ መንጋው የሚወጣውም ያኔ ነው።

የተማርሽው ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ከመቶ አንዴ የሚሳሳት የሻንጣ መፈተሻ መሣሪያ አለ እንበል። ከ10,000 ሻንጣዎች አደገኛው አንድ ብቻ ቢሆን፣ መሣሪያው መቶ ያህል ንጹሕ ሻንጣዎች ላይ ይጮኻል። ፈታሿ ትከፍታለች፦ በሶ። ትከፍታለች፦ በርበሬ። ትከፍታለች፦ አክስት ለልጃቸው የላኩት ማር። መቶ አንደኛውን እንደ መጀመሪያው ተጠንቅቃ መክፈት አለባት። የሚያሰለች ሥራ ነው፤ ፊልም ላይ እንደሚታየው አይደለም።

ሥራው ይዘጋል ለሚሉትም መልስ አለኝ። በ1994 የእንቁጣጣሽ ዕለት አሜሪካ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የአብራሪዎች ክፍል በር ከውጭ እንዳይሰበር ተደርጎ ተጠናከረ። በየካቲት 2006 ደግሞ ወደ ሮም ይበር በነበረ የእኛው አውሮፕላን፣ ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ሲወጣ ረዳቱ ያንኑ በር ከውስጥ ቆልፎ ጄኔቫ አሳረፈው። በጥር 2008 ከሞቃዲሾ በተነሣ የዳሎ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ ላፕቶፕ ውስጥ የተደበቀ ቦምብ ፈነዳ። ገና ብዙ ከፍታ ስላልያዘ አውሮፕላኑ ተመልሶ አረፈ፤ የሞተው ቦምቡን የያዘው ሰው ብቻ ነበር። ላፕቶፑን ያቀበሉት የአየር ማረፊያው ሠራተኞች መሆናቸውን ካሜራ አሳይቷል። አንዱን ቀዳዳ ስትደፍኚ ሌላው ከውስጥ ይከፈታል፤ የአንቺም ያለፈ ታሪክ ሳይጣራ መታወቂያ አይሰጥሽም።

የቅጥር ማስታወቂያ ስታነቢ አንድ ነገር ልብ በዪ። ፈረንጆች ሴፍቲ (ከብልሽትና ከስህተት መጠበቅ) እና ሴኩሪቲ (ሆን ተብሎ ከሚደርስ ጥቃት መጠበቅ) ብለው የሚለዩትን እኛ ሁለቱንም «ደኅንነት» እንላለን። በመጋቢት 2011 የ157 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አደጋ ከበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓቱ ችግር እንጂ ከሽብር የመጣ አልነበረም፤ እርሱን የሚመረምረው ሌላ ሙያ ነው። ማስታወቂያው የትኛውን እንደሚፈልግ ሳታጣሪ አትመዝገቢ። በነገራችን ላይ አጎትሽን ያስደነገጣቸው ይኸው ቃል ሳይሆን አይቀርም፤ «የደኅንነት ሰው» ሲባል ሌላ ነገር ይታያቸዋል። ለእኔ ግን ለፈተና ስትመጪ በጣርማ በር ጉም ውስጥ የሚያልፈው አውቶቡስሽ የበለጠ ያሳስበኛል።

ተወዳደሪ። እስከዚያው የ1989ኙን ጠለፋ በአራቱ ጥያቄዎች ተንትነሽ አንድ ገጽ ጻፊ። ለእኔ ከመላክሽ በፊት ለአጎትሽ አንብቢላቸው፤ እንዲህ አጥብቆ የሚሞግት ፈታኝ በቀላሉ አታገኚም።