በሆንዳ ቪቲአር 1000 ኤፍ ላይ በእጅ የሚስተካከል የካም ሰንሰለት ቴንሽነር ስለ መግጠምና ስለ ማስተካከል

ጠያቂው ወንድማችን በ1998 የተሠራ ሆንዳ ቪቲአር 1000 ኤፍ፣ በአሜሪካ ሱፐርሆክ በአውሮፓ ደግሞ ፋየርስቶርም የሚባለውን ሞተር ሳይክል፣ ያገለገለ ገዝተው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ ከፊተኛው ሲሊንደር በኩል የሚንኳኳ ድምፅ እንደሚሰሙ ጽፈዋል። አንድ ወዳጃቸው የፋብሪካውን አውቶማቲክ ቴንሽነር አውጥተው በቡሎን በእጅ የሚስተካከለውን እንዲያስገቡ ስለመከሯቸው፣ ለውጡ ይጠቅም እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚገጠምና ቡሎኑ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ጠይቀዋል። የካም ሰንሰለት ማለት ከክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ተነስቶ ቫልቮቹን የሚከፍቱትን ካሞች የሚያዞር ሰንሰለት ነው፤ ቴንሽነሩ ደግሞ ይህ ሰንሰለት እንዳይላላ ወጥሮ ይይዘዋል። ይህንኑ ሞተር ሳይክል በእጅ በሚስተካከል ቴንሽነር ለዓመታት ስነዳ ስለቆየሁና ለሌሎችም ስለገጠምሁ፣ የማውቀውን በዝርዝር ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ከሁሉ በፊት ድምፁ በእርግጥ ከካም ሰንሰለቱ መምጣቱን ያረጋግጡ። በዚህ ሞተር ላይ የፍሪሲዮኑ ቤት በሚኒሞ ላይ ራሱን የቻለ መንኳኳት አለው፤ የፍሪሲዮኑን እጀታ ሲስቡ ድምፁ ከጠፋ ወይም በግልጽ ከተለወጠ ጉዳዩ የሰንሰለት አይደለም። የቫልቭ ድምፅ በበኩሉ ቀጭንና የተመጠነ ነው፤ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር እኩል ይሄዳል። የላላ የካም ሰንሰለት ግን ወጥነት የሌለው፣ ሻካራ የሆነ መንሸካሸክ ያሰማል፣ ይልቁንም ሞተሩን ወደ 3,000 ዙር ከፍ አድርገው ነዳጁን በድንገት ሲለቁና ዙሩ ወደ ሚኒሞ ሲወርድ ጎልቶ ይሰማል። ረጅም ካቻቪቴ ወስደው ጫፉን ቴንሽነሩ በተገጠመበት ቦታ፣ እጀታውን በጆሮዎ ላይ አድርገው ሁለቱን ሲሊንደሮች ቢያነጻጽሩ ልዩነቱን ይለዩታል። ይህን ሲያደርጉ ሞተር ሳይክሉ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቁም፤ እጅና ልብስም ከጋለው የጭስ ማውጫና ከራዲያተሩ ፋን ይራቁ።

በሀገር ቤት በሆንዳ ሲጂ 125 ዓይነት ሞተሮች ወይም በባለሁለት ምቶቹ በእነ ያማሃ ኤጂ 100 ሥራውን የተማሩ ብዙ ወንድሞች በዚህ ቡድን ውስጥ ስላሉ አንድ ነገር ላክል። ሲጂ 125 ካሙን ከታች አድርጎ ቫልቮቹን በዘንግ የሚገፋ ነው፤ ኤጂ 100 ደግሞ በካም የሚከፈት ቫልቭ የለውም። ስለዚህ በእነዚያ ሞተሮች ላይ ይህ ችግር ፈጽሞ አያጋጥምም። ቪቲአር 1000 ግን በ90 ዲግሪ የተከፈቱ ሁለት ሲሊንደሮች ሲኖሩት፣ በእያንዳንዱ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ ሁለት ካምሻፍትና አራት ቫልቭ አለ። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ሰንሰለትና የራሱ ቴንሽነር አለው። ክራንክሻፍቱ ሲዞር የሰንሰለቱን አንድ ጎን ይስባል፤ ይህ ጎን ምንጊዜም የተወጠረ ነው። ሌላው ጎን ስለሚላላ ቴንሽነሩ ከኋላው ያለውን ጠማማ መደገፊያ እየገፋ ይይዘዋል።

የፋብሪካው ቴንሽነር በውስጡ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ሞላ አለው። ሞላው ባለጥርስ ዘንግን ያዞራል፣ ዘንጉም ሲዞር መግፊያው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰንሰለቱ በሥራ ብዛት በረዘመ ቁጥር መግፊያው በዚያው ልክ ይከተለዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ድካሙ ያለው ሞላው ላይ ነው። ሞላው ከተሰበረ መግፊያውን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ሰንሰለቱ ይላላል፣ በካሙ ጥርስ ላይ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተንም ይጋጫሉ። የዚህን ሞተር ባለቤቶች ሁሉ የሚያስጨንቀው ይህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሞላው ከመሰበሩ በፊት የሚያስጠነቅቅ ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ የእርስዎ ሞተር ሳይክል ባያንኳኳ እንኳ፣ ዕድሜውን አይቼ ሁለቱንም ቴንሽነሮች እንዲለውጡ እመክርዎት ነበር።

በምን ይለወጥ ለሚለው ጥያቄ ግን መልሴ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። በእጅ የሚስተካከለው ቴንሽነር የአሉሚኒየም አካል፣ አንድ ቡሎንና አንድ መቆለፊያ ዳዶ ብቻ ነው፤ የሚሰበር ሞላ የለውም። ነገር ግን ሞላው ይሠራው የነበረው ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለቤቱ ሥራ ይሆናል። ሞተሩን በየጊዜው የሚያዳምጥና ቡሎኑን በራሱ እጅ የሚያስተካክል ሰው ከሆኑ ያለማመንታት ይግጠሙት። ሞተር ሳይክሉን ለጋራዥ ሰጥተው የሚረከቡ ከሆነ ግን አዲስ የፋብሪካ ቴንሽነር አስገብተው ከዓመታት በኋላ ደግመው ቢለውጡት ይሻላል፤ ማንም የማያየው በእጅ የሚስተካከል ቴንሽነር ቀስ በቀስ እየላላ ይሄዳልና።

ወደ አገጣጠሙ ስንመጣ፣ ሥራው የሚጀመረው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፤ የነዳጅ ታንከሩንና የአየር ማጣሪያውን ቤት ያውጡ፤ ሞተሩ በእጅ በቀላሉ እንዲዞር ካንዴላዎቹን ይፍቱ። የቫልቭ ሽፋኖቹንም እንዲከፍቱ አጥብቄ እመክራለሁ። ሽፋኑን ሳይከፍቱ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ካሞቹን በዓይኔ ሳላይ ቴንሽነር አላወጣም። በግራ በኩል ባለው የሞተር ሽፋን ላይ ሁለት መክደኛዎች አሉ፤ አንዱ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ለማዞር፣ ሌላው ክራንክሻፍቱ የደረሰበትን ቦታ የሚያሳየውን የታይሚንግ ምልክት ለማየት ነው። ክራንክሻፍቱን ማዞር የሚገባው የጥገና መመሪያው በሚያሳየው፣ ሞተሩ በሚሠራበት አቅጣጫ ብቻ ነው።

ለፊተኛው ሲሊንደር ኤፍቲ (FT) የሚለውን፣ ለኋለኛው አርቲ (RT) የሚለውን ምልክት ከማመልከቻው ጋር ያገጣጥሙ። ነገር ግን ምልክቱ በአራት ምት ዑደት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ፣ ፒስተኑ በኮምፕሬሽን ምት ጫፍ ላይ መሆኑን ለይተው ማወቅ አለብዎት። በኮምፕሬሽን ጫፍ ላይ የዚያ ሲሊንደር ቫልቮች ሁሉ ዝግ ናቸው፤ በስፌሲመትር (ክፍተት በሚለካበት ስስ ብረት) ሲፈትሹም በአራቱም ቫልቮች ላይ ክፍተት ያገኛሉ። ይህ ቦታ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ክፍት ቫልቭ ካለ የቫልቩ ሞላ ካሙን ይገፋዋል፣ ቴንሽነሩ በወጣበት ቅጽበትም ካሙ ተፈናጥሮ ሰንሰለቱን ሊያዘልል ይችላል። እዚህ ላይ ቪቲአር ለሠሪው ይመቻል፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች ካማቸውም ሰንሰለታቸውም የተለያየ በመሆኑ የአንዱ ሁኔታ ሌላውን አይነካም። በተርታ የተደረደሩ አራት ሲሊንደሮች ባሏቸው ሞተሮች ላይ ግን ሁልጊዜ የተጫነ ቫልቭ አለ፤ ለእነዚያ የራሳቸውን መመሪያ መከተል ያስፈልጋል። ለተጨማሪ ጥንቃቄ ሰንሰለቱን ከካሙ ጥርስ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ያስሩት፤ ክራንክሻፍቱን ከማዞርዎ በፊት ግን ማሰሪያው መፈታቱን ያረጋግጡ።

አሁን የድሮውን ቴንሽነር ያውጡ። መጀመሪያ መሐሉ ላይ ያለውን መዝጊያ ቡሎን ከነራንዴላው ይፍቱና ቀጭን ጠፍጣፋ ካቻቪቴ አስገብተው ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ ያዙሩት፤ መግፊያው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ይህን ሲያደርጉ እጅዎ የሚሰማውን ያስተውሉ። ጤነኛ ሞላ ካቻቪቴውን መልሶ ሊያዞረው ይታገላል፤ ምንም የሚመልስ ኃይል ከሌለ ሞላው ተሰብሯል ማለት ነው። ያኔ ሰንሰለቱ ዘልሎ እንደሆነ የካሞቹን ምልክቶች ከመመሪያው ጋር ሳያስተያዩ ሞተሩን ማስነሳት ፈጽሞ አይገባም። ከዚያ ሁለቱን መያዣ ቡሎኖች ፈትተው ቴንሽነሩን ያውጡ፤ የጋስኬቱን ቅሪት ወደ ውስጥ እንዳይገባ እየተጠነቀቁ ያጽዱ። ቴንሽነሩ ወጥቶ ሳለ ክራንክሻፍቱ በምንም ምክንያት አይዞርም።

አዲሱን ሲያስገቡ መግፊያ ቡሎኑን ወደ ኋላ አውጥተው ይግጠሙት። መያዣ ቡሎኖቹ ባለ 6 ሚሊሜትር ከሆኑ ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ የሚገቡት አሉሚኒየም ውስጥ ስለሆነ ከዚያ በላይ መጨከን ጥርሱን ይልጣል። ቀጥሎ መግፊያውን ቡሎን በጣት ብቻ ያስገቡ፤ መደገፊያውን ሲነካ በግልጽ ይሰማዎታል። ከላይ በሁለቱ ካሞች መካከል ያለውን ሰንሰለት በጣት ሲጫኑት ጥቂት መንቀሳቀስ አለበት፤ እንደ ክራር ክር የተወጠረ መሆን የለበትም። በዚህ ልክ ዳዶውን ያዝ አድርገው ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር ይለፉ። ሁለቱም ከተገጠሙ በኋላ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ በዝግታ ሁለት ሙሉ ዙርና ከዚያ በላይ ያዙሩ፤ አንዳች ጠንካራ ነገር ከነካ ወዲያው ያቁሙ። ምልክቶቹ ሁሉ እንደገና በየቦታቸው መግጠማቸውን ካዩ በኋላ ብቻ ሽፋኖቹን ይዝጉ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በማጥበቁ ላይ ስለሆነ በዚህ ነጥብ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሲሊንደሩና ቴስታታው አሉሚኒየም ናቸው፤ ሰንሰለቱ ግን ብረት ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚረዝመው የብረትን እጥፍ ያህል ነው። በክራንክሻፍትና በካም መካከል ያለውን ርቀት ለስሌት ያህል 250 ሚሊሜትር ብንለው፣ ሙቀቱ በ70 ዲግሪ ሲጨምር ሞተሩ ከሰንሰለቱ በላይ ወደ 0.2 ሚሊሜትር ይረዝማል። ይህም ማለት ሞተሩ ሲግል ሰንሰለቱ ከቀዝቃዛው ጊዜ ይልቅ ይወጠራል። አሁን ቡሎኑን እንመልከት፤ የተለመደው ባለ 8 ሚሊሜትር ቡሎን በአንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊሜትር ስለሚጓዝ፣ ሩብ ዙር ብቻ መደገፊያውን 0.3 ሚሊሜትር ያህል ይገፋዋል። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ ድምፁ ፈጽሞ እስኪጠፋ በቁልፍ ያጠበቀ ሰው፣ ሞተሩ ሲግል ሰንሰለቱን ከልክ በላይ ወጥሮታል ማለት ነው።

ከልክ ያለፈ ውጥረት የሚያስከትለው ጉዳት ወዲያው አይታይም፤ ቢሆንም ጉዳቱ የእውነት ነው። መደገፊያው ቶሎ ይበላል፣ ሰንሰለቱ ያለ ዕድሜው ይረዝማል፣ ካሞቹም የሚዞሩት በቀጥታ በቴስታታው አሉሚኒየም ላይ ስለሆነ የመቀመጫቸው መበላት ቴስታታውን ሙሉ ለሙሉ ያስለውጣል። ምልክቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ቀጭን ፉጨት ነው። ይህን ከሰሙ ቡሎኑን ሳይዘገዩ ይመልሱ።

ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ የሚደረገው በጋለ ሞተር ነው። ሞተሩን አስነስተው የራዲያተሩ ፋን እስኪነሳ ድረስ ያሙቁትና በሚኒሞ ያዳምጡ። የሰንሰለት ድምፅ ካለ ሞተሩን አጥፍተው ዳዶውን ያላሉ፤ ቡሎኑን ስምንተኛ ዙር ያህል ያስገቡና ዳዶውን ቆልፈው እንደገና ያዳምጡ። ሞተሩ እየሠራ ቡሎኑን የሚያዞሩ አሉ፤ በቪቲአር ላይ ቦታው ጠባብና የጋለ ብረት የበዛበት ስለሆነ እኔ እያጠፉ መሥራቱን እመርጣለሁ። ድምፁ መጀመሪያ በጠፋበት ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ለማንኛውም ብለው አይጨምሩ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቃዛው ሞተር ለጥቂት ጊዜ በለሆሳስ ቢያንሸካሽክ ትክክለኛ ልክ መሆኑን ያሳያል እንጂ ጉድለት አይደለም። አንዱን ሲሊንደር ሳይጨርሱ ወደ ሌላው አይሂዱ፤ አለዚያ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ያዳግታል።

ዳዶውን ሲቆልፉ የቡሎኑን ራስ በሌላ ቁልፍ ይያዙ፤ አለዚያ ቡሎኑ አብሮ ይዞርና ልክዎ ይበላሻል። ከዚያም በቡሎኑ፣ በዳዶውና በአካሉ ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በቀለም ያስምሩ፤ ወደፊት ተንቀሳቅሶ እንደሆነ በአንድ እይታ ያውቃሉ። ከዳዶው ሥር ዘይት ቢያረጥብ ከሥሩ የመዳብ ራንዴላ ወይም ጎማ ያለው ማሸጊያ ራንዴላ በማስገባት ይቆማል።

ከገጠሙ በኋላ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎሜትር ባለው ጊዜ አንድ ጊዜ ያዳምጡ፤ ከዚያ ወዲያ ዘይት በለወጡ ቁጥር በጋለ ሞተር ይፈትሹ። በየጊዜው ያስገቡትን የዙር መጠን በማስታወሻ ይያዙ። ቡሎኑ ያለማቋረጥ መግባት ከፈለገ፣ ወይም ከመጀመሪያው ብዙ ገብቶ ካልሆነ ድምፁ ካልጠፋ፣ ሰንሰለቱ ራሱ አልቋል፤ ያኔ ሰንሰለቱንና መደገፊያውን መለወጥ እንጂ ቡሎን ማስገባት መፍትሔ አይሆንም። እርስዎም ቴንሽነሮቹን ሲያወጡ በካቻቪቴው የተሰማዎትን የሞላ ኃይልና የሁለቱን መግፊያዎች ርዝመት ለክተው ቢጽፉልን፣ የፊተኛው ሰንሰለት የቀረውን ዕድሜ አብረን መገመት እንችላለን።