የጠጣችሁትን ለአንድ ዓመት ጻፉ

ውድ የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች፤

በጤና ባለሙያነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ወደ ምርመራ ክፍሌ የሚገቡትን ጎልማሶች ሁሉ በሳምንት ምን ያህል አልኮል እንደሚጠጡ እጠይቅ ነበር። አብዛኞቹ «አልፎ አልፎ ነው» ይሉኛል፤ ሊዋሹኝ ፈልገው እንዳልነበረም አምናለሁ። ሰው ከኪሱ ከፍሎ የጠጣውን ያስታውሳል፤ ጓደኛው ዙር ሲጋብዝ የደረሰውን፣ ለማወራረጃ ብሎ የጨመረውን፣ በድግስ ቤት እየተዘዋወረ የተቀዳለትን ጠላ ግን ከቁጥር አያስገባውም። በዚህ ምክንያት ለምትጠጡት የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ የጠጣችሁትን ሁሉ በጠጣችሁበት ዕለት፣ ለአንድ ሙሉ ዓመት ጻፉ። በእምነታችሁ ወይም በምርጫችሁ ጨርሶ የማትጠጡ በከተሞቻችን ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ እናንተ በዚያው ጽኑ፣ ይህን ደብዳቤም ለሚጠጣ ወንድማችሁ አድርሱልኝ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜያቸው 21 ዓመት ላልሞላ ሰዎች አልኮል መሸጥን ስለከለከለ፣ ከዚያ ዕድሜ በታች ላላችሁት ምክሬ መዝገብ እንድትይዙ ሳይሆን እንዳትጀምሩ ነው።

አጻጻፉ ቀላል ነው። ትንሽ ደብተር ወይም ስልካችሁ ይበቃል፤ ቀኑን፣ የመጠጡን ዓይነትና መጠን፣ የጀመራችሁበትንና ያቆማችሁበትን ሰዓት፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰው፣ የወጣውንም ገንዘብ አስፍሩ። ያልጠጣችሁበትንም ቀን «የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ የተተወ መስመር የተረሳ ይሁን ያልተጠጣበት ቀን በኋላ መለየት አይቻልምና።

መጠኑን በጠርሙስና በመለኪያ ብቻ መቁጠር ግን ያሳስታል፤ የምትቆጥሩት በውስጡ ያለውን ንጹሕ አልኮል መሆን አለበት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ አረቄ ጥንካሬዋ 45 በመቶ ከሆነ ወደ 18 ግራም ትጠጋለች፤ ትንሽ መስላ ከሙሉ ጠርሙስ ቢራ ትበልጣለች ማለት ነው። የጠላና የጠጅ ጥንካሬ እንደ ጠማቂውና እንደ ጣዩ ስለሚለያይ፣ በእነርሱ ጊዜ የጠጣችሁበትን ዕቃ ዓይነትና ብዛት ጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ጊዜ 60 ግራምና ከዚያ በላይ መጠጣትን ከባድ አጠጣጥ ብሎ ይመድበዋል፤ ይህም አምስት ጠርሙስ ቢራ እንኳ አይሞላም።

ሰዓቱን ጻፉ ያልሁት ስለ አንድ ሹፌር ሳስብ ነው። በሥራ ቀን ጠብታ የማይቀምስ ብርቱ ወጣት ነበር፤ ከመዝገቡ እንዳየሁት የሚጠጣው ቅዳሜ ማታ ብቻ ሆኖ፣ እሑድ ማለዳ ተሳፋሪ ጭኖ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ይወርድ ነበር። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ስምንት ጠርሙስ የጠጣ ሰው 104 ግራም አልኮል ወስዷል፤ ጉበት ደግሞ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው የሚያስወግደው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይህ ሰው ተኝቶ ተነሥቷል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ቡናውንም ጠጥቷል፤ አልኮሉ ግን ገና ከደሙ አልወጣም። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ የጉበትን ሥራ አያፋጥንም። በዚያ ዳገት ጠመዝማዛ ላይ መሪ የያዘ ሰው ይህን ሳያውቅ መንዳቱ ዛሬም ያስጨንቀኛል፤ ልጁ ግን ቁጥሩን በራሱ እጅ ጽፎ ካየው በኋላ ምክር አላስፈለገውም፤ የቅዳሜውን መጠጥ ተወው።

ለምን አንድ ወር አይበቃም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የእኛ ዓመት ወር ከወር አይመሳሰልም። ብዙ ክርስቲያን ጠጪዎች ሐምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀናት ከመጠጥ ይርቁና «ስፈልግ እተወዋለሁ» ብለው ይረጋጋሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምን ያህል እንደጠጡ ግን አይመረምሩም። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ደመወዝ የሚወጣበት ሳምንት ከሌላው ይለያል፤ መስከረም ከዕንቁጣጣሽ እስከ መስቀል የራሱ መልክ አለው። በጾም ወቅት የተያዘ መዝገብ ያሞካሻችኋል፤ በድግስ ወቅት የተያዘ ያስደነግጣችኋል፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚያሳያችሁ ዓመቱ ነው። መስከረምን አትጠብቁ፤ የምትጀምሩበት ቀን የትኛውም ይሁን፣ የሚቀጥለው ዓመት ያው ቀን እስኪደርስ፣ ጳጉሜንን ሳትዘሉ ጻፉ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመቀነስ አትጣደፉ፤ ያለውን እንዳለ ጻፉ። የተጻፈውን ስታነብቡ ከድምሩ ይልቅ መልኩን ተመልከቱ። መጠጡ የሚበዛው ከአንድ ጓደኛ ጋር ነውን? ከቤት ጠብ በኋላ ነውን? ሥራ በጠፋበት ሳምንት ነውን? ሐዘንን ወይም እንቅልፍ ማጣትን በመጠጥ የሚያክም ወጣት በመዝገቡ ላይ ይህንኑ ያገኘዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ስለ ሐዘኑ የሚያነጋግረው ሰው ነው። ምን ያህሉ አይጎዳም የሚለውን ጥያቄ በተመለከተ፣ ጉዳት የሌለው መጠን እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 በግልጽ አሳውቋል፤ አልኮል ለካንሰር እንደሚያጋልጥ ከታወቀም ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በመሆኑም ከመዝገቡ ላይ የቀነሳችሁት እያንዳንዱ ብርጭቆ ለጤናችሁ ትርፍ ነው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስባችኋለሁ። መዝገባችሁ በየቀኑ ብዙ እንደምትጠጡ ካሳየ፣ ጠዋት ሳትጠጡ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያልባችሁ ወይም የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ፣ በራሳችሁ ውሳኔ በአንድ ቀን አታቁሙ። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣ ሰውነት መጠጡ በድንገት ሲቋረጥበት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊያስከትል፣ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። ወደሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፤ በቁጥጥር ሥር፣ በመድኃኒት እየተረዱ ማቆም ይቻላል። ስትሄዱም ደብተሩን ይዛችሁ ግቡና ለሚመረምራችሁ ባለሙያ ስጡት፤ ምን ያህል ትጠጣላችሁ ብሎ ሲጠይቃችሁ መልሱን ከዚያ ያነብበዋል።