አኩሪ አተሬ ማጭድ ሳይነካው ይረግፋል፣ ዘር ብመርጥም ለውጥ የለም

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምጽፍላችሁ ከመተከል፣ ከፓዌ አካባቢ ነው፣ አኩሪ አተር አመርታለሁ። ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ ሰብሉ ደርሶ የሚያጭድ ሰው እስካገኝ ትንሽ ከቆየ ቀትር ላይ ቆባው ጧ ጧ እያለ ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ነው። ያልፈነዳውን እግር እየመረጥኩ ለዘር አስቀምጣለሁ፣ ግን በዓመቱም ያው ነው። አመራረጤ ላይ ምን አጠፋሁ? ደሞ የማይረግፈው ዝርያ ጂኑ የተነካካ ነው ይሉናል፣ እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድማችን ምንም አላጠፉም፣ ማሳዎ ውስጥ የሚመረጥ ነገር ስለሌለ ነው። አኩሪ አተር አበባው በራሱ ብናኝ ነው የሚጸንሰው፣ ከጎረቤት እግር ጋር የሚዳቀለው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ አንድ ንጹህ ዝርያ ከዘሩ እግሩ ሁሉ በዘሩ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ያቺ ያልፈነዳችው እግር ዘግይታ የደረሰች ወይ እርጥበት የሚይዝ ቦታ ላይ የበቀለች ትሆናለች እንጂ ለልጅ የምታወርሰው የተለየ ነገር የላትም። ይሄን ዊልሄልም ዮሃንሰን የሚባል የዴንማርክ ሳይንቲስት በ1903 እኤአ ያውም በቦሎቄ አሳይቶታል፦ ከአንድ እግር ከተራባ ዘር ትልልቁንና ትንንሹን ፍሬ ለየብቻ ዘራ፣ የወጣው ምርት ግን በአማካይ ክብደቱ ያው ሆነ። እርሶም በየዓመቱ ሲያደርጉ የነበሩት የሱኑ ሙከራ ነው።

እንግዲህ ሌላ ወላጅ ያስፈልጋል። የፈነዳ ቆባ አንስተው ይዩት፣ ሁለቱ ገጾቹ እንደ ብሎን ተጠማዘዋል፣ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ። ከውስጥ በኩል ያለው ጠንካራ የቃጫ ሽፋን ሲደርቅ ነው እንዲህ የሚጠመዝዘው፣ ስፌቱ ያንን ጉልበት እስከቻለ ይይዛል ከዛ ጧ! ለዱር ተክል ዘሩን የሚበትንበት ዘዴው ነው፣ ለገበሬ ግን ኪሳራ። በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች ፒዲኤች1 የሚባለውን ጂን አገኙ፣ ይሄ ጂን ሲሰራ ጠመዛው ይበረታል፣ በማይረግፉት ዝርያዎች ላይ ግን ጂኑ ተበላሽቶ ነው የተገኘው። ጂኑን ያበላሸው ሰው አይደለም፣ በተፈጥሮ የመጣ ለውጥ ነው፣ ደረቅ አገር ያሉ ገበሬዎች ሳያውቁት እየመረጡ አስፋፍተውታል። ስለዚህ "የተነካካ" የሚሉት ወሬ እዚህ ጋ አይሰራም፣ ተራ ማዳቀል ነው። ጃፓኖቹ ፉኩዩታካ የሚባለውን ተወዳጅ ግን የሚረግፍ ዝርያቸውን ከማይረግፍ ጋር አዳቅለው፣ ልጁን መልሰው መላልሰው ከፉኩዩታካ ጋር እያዳቀሉ፣ በየዙሩ የተበላሸውን ጂን የያዘውን በዲኤንኤ ምርመራ እየለዩ፣ ሌላው ጠባዩ ሁሉ ፉኩዩታካ የሆነ ግን የማይረግፍ አወጡ። ናይጄሪያ ያለው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ምርምር ተቋምም (አይአይቲኤ) ቲጂኤክስ በሚላቸው የአኩሪ አተር ዘሮቹ መርገፍን የሚቋቋሙ አሉት።

እርሶ ማዳቀል ውስጥ መግባት አይጠበቅቦትም፣ እዛው አጠገቦ ፓዌ ምርምር ማዕከል አለ፣ ሁለት ሶስት ዝርያ በትንሽ በትንሹ ይጠይቁና ጎን ለጎን ይዝሩ። ሲደርስ ከየአንዳንዱ እኩል ያልተከፈተ ቆባ ቆርጠው በየወረቀት ከረጢት አድርገው ፀሐይ ላይ ያስጡና ስንቱ እንደፈነዳ ይቁጠሩ፣ ምርምር ቤቶችም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ መክተታቸው ነው። ብቻ ሁሉም በደንብ የደረሰ ይሁን፣ አለዛ ዘግይቶ የደረሰው ጎበዝ መስሎ ያታልሎታል። ለዘንድሮው ደግሞ ቅጠሉ ረግፎ ከመቶ 95ቱ ቆባ ቀለሙን ከለወጠ ደርሷልና ቀን አይስጡት፣ ጠል ሳይደርቅ ጠዋት ማጨድ ነው።

ጥያቄ፦ ከባቱ ነኝ። ፎሶሊያ ደርቆም እንደ ቦሎቄ አይፈነዳም፣ ታዲያ ቦሎቄውን ለምን እንደሱ አያደርጉትም?

መልስ፦ ጥሩ አይተሻል እህቴ፣ ሁለቱ እኮ አንድ ተክል ናቸው። ፎሶሊያ ከነቆባው እንዲበላ ተብሎ ቃጫው እየተቀነሰ የመጣ ነው፣ የሚጠመዝዝ ነገር ከሌለ መፈንዳትም የለም። ግን ደረቅ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ይሄ አያዋጣም፣ ቆባው ፍሬው ላይ ልጥፍ ብሎ አውድማ ላይ ያለፋል፣ ማሳ ላይ የሚይዝ በዱላ ሲመታ ግን የሚከፈት ነው የሚፈለገው። ለዛ ለማዳቀል ከፎሶሊያ ይልቅ በደረቁ ሰሜን ሜክሲኮ የሚበቅለው ቦሎቄ ይሻላል፣ በ2020 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች የአኩሪ አተሩን ጂን ዘመድ ቦሎቄ ላይም አግኝተው የማያፈነዳው ዓይነት እዛ አካባቢ ዘሮች ላይ እንደሚበዛ አሳይተዋል። እስከዛው የዘራሽው የቦሎቄ ዝርያ አዋሽ-1ም ይሁን ናስር፣ ማለዳ ነቅለሽ ሸራ ላይ ከምሪው፣ የሚፈነዳውም ሸራው ላይ ይቀርልሻል።